የሜትሩ ሌላ ጫፍ

ወጣሁ ወደ ሲንዱፓልቾክ፣ በተናደው መንገድ፣
መሐንዲስ ተብዬ፣ ለቆጠራ ልሄድ፤
በቦርሳዬ ቀይ ወረቀት፣ አረንጓዴና ቢጫ፣
አንድ ጣሳ ሙጫ፣
ለቆመ፣ ለተሰነጠቀ፣ ለፈረሰ — ሦስት ምርጫ።

አረንጓዴው ጥቅል እንደታሸገ ነው፤
ቀዩ ግን አንድ ፍሬ ቀረኝ፣ ለግማሽ መንደር እንኳ ሳላደርሰው።

ጄትማያ ትባላለች። ከድንጋይ ክምር ሥር
ዳጉሳ ትለቅማለች፣ ከተቀላቀለው አፈር።
«ስንት ፎቅ ነበር ቤቱ?» ብዬ ጠየቅኋት ከቅጹ።
«ሁለት። ታች ጎሿ፤ ሌሊት ስታመነዥክ፣ ለእኛ እንቅልፍ ነበር ድምፁ።»
«በርና መስኮትስ?»
«አንድ በር። መስኮቱን ባሌ ቡድማን ጠርቦት፣
አበባ ቀርጾበት ነበር፤ አንዱ አበባ ጠሞበት
ባየው ቁጥር ይስቅ ነበር።»
እኔም ጻፍኩኝ፦ መስኮት፣ አንድ።
ለጠመመው አበባ ቦታ የለም በቅጹ ዓምድ።

«ቅዳሜ ነው። ልጆች ሜዳ፣ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው፤
በሥራ ቀን ቢሆን ኖሮ...» አለችና ተወችው።
«ምድር እንደ ጎሽ ቆዳ፣ ዝንብ እንደሚያራግፍ፣
አንዴ ተንቀጠቀጠች — እኛ ነበርን ዝንቦቹ፣ ከላይዋ የምንረግፍ።
እኔ ከእርከኑ ላይ ነኝ፤ እሱን ትኩሳት አስተኝቶት።
ከዚያ አቧራ ብቻ። ቤቱን ፈለግሁት፣ ቦታው ጠፍቶኝ፣ ቆሜበት።
ሦስት ቀን ቆፈርን፤ በእጅ፣ በማጭድ፣ በድስት ክዳን፤
ሄሊኮፕተር አለፈ በላያችን፤ ተራራ ወጪ ፈረንጆችን ነው አሉን በኋላ፣ የሚያድን።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን እርዳታ መጣልን ከወንዝ ማዶ፤
ሩዝ፣ ሸራ፣ ብስኩት፣
ደግሞ አንድ ካርቶን የዋና ልብስ፣ ከየት አገር ተሰዶ!
ማን ይዋኛል በዚህ ገደል?» ሣቀች፣ ትከሻዋ እስኪነቃነቅ፤
«ጥጃዋን አሰርኩበት። ደህና ነው፤ አይበጠስ፣ አይለቅ።»

ይቺን የቆርቆሮ ዳስ በወንፈል ነው ያቆሟት፤
ዛሬ የእሷን፣ ነገ የጎረቤት፣
እንጨቱ ከፈረሰው፣ ሚስማሩ እየተቃና፣
መንግሥት «እየመጣሁ ነው» እያለ፣ ክረምቱ እየመጣ ገና።

ልጇ ሳንግዶርጄ ኳታር ነው፤ ፎቅ ያቆማል ለማያውቀው፤
ከሠላሳኛው ላይ ሆኖ ሰማ፣ የእናቱ ሁለተኛ ፎቅ መውደቁን የነገሩት ሰው በሰው።
አሠሪው «ወር ይሙላ» አለው። ሞላ። ቲኬት ቆረጠ፣
ለአርባ ዘጠነኛው ቀን ጸሎት።
ዝናቡ ቀደመው፤ መንገዱም ተቆረጠ።

«የመሬት ማስረጃ?» አልኳት፣ ቀስ ብዬ፣ አቀርቅሬ።
ያለሱ ድጎማ የለም፤
ይሄን ለማለት ነው ለካ አሥራ ስድስት ዓመት መማሬ።
«ከደረት ኪሱ አይለይም ነበር፤ ሳንፈትሽ አቃጠልነው» አለች፤
ከዳጉሳው መሀል አንዲት ጠጠር ለቅማ ጣለች።

የመጨረሻውን ቀይ አወጣሁ፤ የምለጥፍበት ግድግዳ የለም።
ሙጫው በጣቴ ደረቀ።
ቅጹ ግን «ርዝመት፣ ወርድ» ይላል፤ ቅጽ እፍረት አያውቅም።
ሜትሬን ዘረጋሁ። ብቻዬን ነኝ፤ ጫፉ እየተጠቀለለ
እየተመለሰ እጄ ላይ፣ እንቢ አለ።

ተነሣች። አፈሯን አራገፈች። ጫፉን ያዘች፤
ድንጋይ ከድንጋይ በማይለይበት ሄዳ፣ ሳትጠራጠር፣ አንድ ቦታ ቆመች፤
«ማዕዘኑ እዚህ ነው። ወጥረው።» ወጠርኩት።
ነፋስ በመካከላችን ሲያልፍ፣ እንደ ንብ ሲል ሰማሁት።

«ስድስት ከሃያ» አልኩ። ልጠቀልል ስል፣ አልለቀቀችው።
«ተሳስተሃል» አለችኝ፤
«ሰባት ነፍስ ያደረበት ነው። እስቲ እንደገና ለካው።»