ቆጠራ

ከሌሊቱ ስምንት። ኤሲው ያጓራል፣
እንድሪስ ተነስቶ ሰው ይቆጥራል።
በጣቱ አይጠቁምም፤ በአገጩ ብቻ፣
ከበሩ ጀምሮ እስከ ሽንት ቤቱ ዳርቻ።
ደሴ ወህኒ ቤት አሥራ ሁለት ዓመት
ዘብ ነበር፤ ያውቅበታል
የተኛን ሰው ከታመመ መለየት።

«ዘጠና ሦስት» ይላል፤ ከዚያ እንደገና
ከጥግ እስከ ጥግ። አንድ ሰው ጠፋና
ላብ ያጠምቀዋል፣ በኤሲ ብርድ መሀል፤
በሩ ላይ በአረብኛ «ዘጠና አራት» ይላል።
ዘብ ራሱን አይቆጥርም።
እኛም አንነግረውም።

የደማም ባሕር ከዚህ ቅርብ ነው አሉ፤
በቫን ሲያመጡን መስኮቶቹ በላሜራ ተደፍነው ሳሉ
ጨው ጨው ሸቶናል። ያየነው ይኸው ነው።

ቀን ቀን ያወራናል፦
«ወህኒ ተራራ ነበር፣ የንጉሥ ልጅ መቋጠሪያ፤
ከርቸሌ የጣልያን ቃል ነው፣ ጣልያን ሄዶም ያልለቀቀን መጠሪያ።
አያቴ ያዩት ግን ቁራኛ ነው፤ ግንብ የለ፣ ዘብ የለ፣
ከሳሽ ከተከሳሹ ጋር በአንድ ሰንሰለት ዋለ።
ዳኛ ደጅ እስኪደርሱ አብረው በሉ፣ አብረው አደሩ፤
አንዱን ሲያሳክከው ሁለት እጆች ተቸገሩ።»

ጦሃ ሳቀ። እኔ እጄን አየሁ።

ስድስት ወር ያልተከፈለኝን ደሞዜን ባነሳ፣
ከፊሌ ሁሩብ ብሎ ከሰሰኝ፣ በስልኩ፣ ከፍራሹ ሳይነሳ።
ፓስፖርቴን ከመሳቢያው፣ ስሜን ከአፉ አላወጣም፤
እኔ እዚህ ታስሬ፣ እሱ ዳኛ ደጅ አልመጣም።
በሐሳቤ ያን ሰንሰለት ብስበው፣ ብስበው ይመጣል፤
ይኸኛው ጫፍ እኔን ይዟል፣
ያኛው ባዶውን አሸዋ ይጎትታል።

ትናንት ሌሊት ኤሲው ቆሞ ፀጥታው አነቃን፤
እንድሪስ ሲቆጥር ሰማን።
«ዘጠና ሦስት» አለ። አገጩን ወደ ደረቱ
ዝቅ አደረገና ሸበጡን አየ፦ ሁለቱም የቀኝ፣
ከማን እግር እንደወለቀ ሳያውቅ ያጠለቀው በጥዋቱ።
ረጅም ጊዜ አየው።
የሚቀጥለውን ቁጥር በከንፈሩ ብቻ አለው፣
ሄዶም ተኛ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ።

ሲነጋ የእነሱ ዘብ መጣ፤ ጢሙ ገና ያልዘለቀ፣
ለሥራው እንግዳ፣
ጣቱን ቀስሮ፣ ከንፈሩን እያርገበገበ፤
መሀል ላይ ተደናገረ፣ ወረቀቱን መልሶ አነበበ፣
እንደገና ጀመረ። እንደገና ጎደለበት።

እንድሪስ ከወለሉ ሳይነሳ፣
ለሥራ ባልደረባ እንደሚያዝን ሰው፣ በአማርኛ፦
«ልጄ፣ በጣትህ አትቁጠር» አለው፤
«ሰው ይጠፋብሃል።»