ውሃ ሲወቀጥ

ፊሽካዬ ባንገቴ፣ ጫማዬ በሻንጣ፣
ከማርቆስ ባሕር ዳር ለሥልጠና ስመጣ፣
ስምንት ዓመት ሙሉ የጮህኩ በአዳራሽ፣
"ዝለል! ጨምር! ድገም!" ያልኩ ሰው እስኪሸሽ፣
"ውሃ ምን ሊያስተምር?" ብዬ ነበር በሆዴ፤
ለወረቀቱ እንጂ ለሌላም አይደል መሄዴ።

አሥራ አንድ ነበርን፣ ከቡሬ፣ ከዳንግላ፣
ከሞጣም እንዳላማው፣ "ዋና" ሲሉት ጉልበቱ የሚላላ።
አሰልጣኛችን አንጓች፣ ቁመቷ አጠር ያለ፣
ድምፅዋ ከገንዳው ጠርዝ አንድ ቀን ከፍ ያላለ።
በመጀመሪያው ቀን ውሃ አላስገባችንም፤
ጠርዙ ላይ አቆመችን፣ ሙዚቃም አልሰጠችንም።

"ውሃ ውስጥ ያለ ሰው እግራችሁን ነው የሚያየው፤
እናንተ ከፈጠናችሁ እሱ ነው የሚሰቃየው።
ደረቅ ላይ ቆማችሁ፣ እንደ ረጠበ ሰው፣
ክንዳችሁ አየሩን እንደ ማር ይቅዘፈው።"

ዘገምን። ቀዘፍን። እርስ በርስ ተያየን። ሳቅን።
አትክልተኛውም ከውጭ፣ በመስታወት ሲያየን፣
አሥራ አንድ ጎልማሳ በደረቅ ሲሚንቶ
ሲዋኝ ያየ ጊዜ፣ ቧንቧውን ረስቶ
ያበባውን መደብ አሰጠመው ከቶ።

ደብተሬ ላይ አለ፣ ቀለሙ ፈስሶ፦
"ውሃው እስከ ደረት። ከንፈሩ የጠቆረ ቶሎ ይውጣ ለብሶ።
እያወራ ይሥራ። ማውራት ካቃተው በዝቶበታል፣ ይቀነስ።
መዳፍ ሲከፈት ይከብዳል፣ ሲጨበጥ ይቀላል፤ መርጠህ አንቀሳቅስ።"
ኅዳጉ ላይ በቀይ፦ "ፊሽካ አያስፈልግም።"
ጽሕፈቱ የኔ አይደለም።

በአምስተኛው ቀን የሰፈር እናቶች መጡ፤
ወገባቸውን ይዘው ደረጃው ላይ ተቀመጡ።
አንዷ በቲሸርት፣ ነጠላ ደርበው፣
"ክሎሪን ነው? ጠበል?" አሉኝ አማትበው።
እትዬ ይታይሽ ናቸው። ከገንዳው ጥግ ደረሱ፣
ውሃውን በመዳፍ እንደ ጥጃ ዳበሱ።

ተራዬ ደረሰ። አስር ደቂቃ አለኝ።
ያ የጂም አውሬዬ ከጉሮሮ ተነሳብኝ።
"ዝለሉ! አንድ! ሁለት! ጉልበት ወደ ላይ!"
ግድግዳው መለሰው፤ ሰባት ሰው ሆኜ ጮህኩ ራሴ ላይ።
ሙዚቃው ይጋልባል፤ ውሃው ግን አይቸኩል፤
እግራቸው ገና ሲነሳ እኔ ሌላ ስል፣
እትዬ ይታይሽ ቆሙ። ፊታቸውን ጠርገው፣
"ልጄ፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው" አሉ ፈገግ ብለው።

ገንዳው በሳቅ ሞላ። እሳቸው ግን ቀጠሉ፤
"እንቦጩንስ አውቃለሁ፤ ጣና ዳር ነው ቤቴ" አሉ፤
"ዘመቻ ተጠርተን፣ እስከ ወገብ ገብተን፣
ስንነቅል፣ ስንጎትት፣ ስንከምር ውለን፣
በዓመቱ ተመልሶ አረንጓዴ ለበሰ፤
እሱ ሥር ሲሰድ የኔ ወገብ ፈረሰ።"

ድንገት መብራት ጠፋ። ሙዚቃው ተቆረጠ።
ውሃው ብቻ ቀረ፣ ጠርዙን እየመጠጠ።
ፊሽካዬን ፈለግሁት፤ ለካ አለ አንጓች ኪሷ፤
ቀና አላለችም፤ ደብተሯ ላይ ነው ራሷ።

እጄን ዘረጋሁ። ያንን ማር ቀዘፍኩት።
"እንቦጩን፣ እትዬ፣ አሁን ይንቀሉት።"
ሁለት እጃቸውን ከሥር ሰደው ጎተቱ፤
ውሃው እምቢ ሲላቸው ይብሱን በረቱ።
ስድስት ሴት ተሰልፎ ባዶ ውሃ ነቀለ፣ ጣለ፤
የነቀሉት ሁሉ ተመለሰ፤ አልጎደለ።
ለካ መመለሱ ነው የውሃው ብድር፤
እንቦጭ ባይል ኖሮ ክንድ በምን ይጠንክር?

ውጤቴ፦ ስልሳ ሁለት። ለጥቂት ተረፍኩ ከኪሳራ።
ከግርጌው በቀይ፦ "ድምፅህ ይረፍ። ውሃው ያውራ።"

ስመለስ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ፍኖተ ሰላም ስንደርስ፣
እጄ አየር ሲቀዝፍ፣ ሲገፋ፣ ሲመልስ፣
አጠገቤ ያሉ ሰው በጎን እያዩኝ፣
"ምነው ልጄ፣ ክንድህን ያምሃል?" አሉኝ።
"አይ፣ ውሃ እየወቀጥኩ ነው" ስላቸው ደነገጡ፤
ጠጋ ብለው ወደ በሩ፣ ዳር ላይ ተቀመጡ።