አራተኛው ጥያቄ

መብራቱ ከሄደ ሁለት ሰዓት አልፏል፣
የቦሳ ቂጦ ዝናብ ቆርቆሮ ይገርፋል፤
ስልኬን ብርጭቆ ላይ እንደ ኩራዝ አቁሜ፣
ስልሳ አንድ ወረቀት አርማለሁ ደክሜ።

*ጥያቄ አራት፦ ከተማርናቸው ንድፈ ሐሳቦች አንዱን መርጠህ በአንድ ወቅታዊ የዓለም ክስተት ላይ ተግብር። አሥራ አምስት ነጥብ።*

ሃምሳ ዘጠኙ ልጅ አንድ አፍ ተበድሮ፣
"መንግሥት ጥቅሙን ያያል" ይለኛል ደርድሮ፤
ከራሴው ሃንዳውት አንድ ቃል ሳይለውጡ፣
የኔኑ ግድፈት እንኳ ሳያርሙ ገለበጡ።
ኃያላን ተፋጠጡ፣ ሚዛኑ ተዛባ፣
ታንክ ከገጽ ወጣ፣ ታንክ በገጽ ገባ፤
እኔም ራይት፣ ራይት፤ እጄ ሳያስበው፣
ያንን ሁሉ እሳት በነጥብ ስሰፍረው።

ስልሳኛው ላይ ቆምኩ።
ነዚፋ አባመጫ፤ በሩ ሥር የምትቀመጥ፣
ስሟን ስጠራ እንኳ በጣቷ የምትመልስ።

"መምህር፣ የኔ ክስተት አጂፕ ያለው ሰልፍ ነው።
ወንድሜ ሸምሱ ባጃጁን እየገፋ ከሄደ
ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ።
አንድ ጠባብ ባሕር ላይ አንድ ሰው ተኮሰ፣
መርከብ ፊቷን አዞረች፣ ቦቴው መንገድ ቀረ፤
ወሬው ጅማ ሲገባ ሊትሩ አልነበረ።

ሸምሱ ድንጋይ አለው። ስሙን በቀለም ጽፎበታል።
እሱ እንቅልፍ ሲጥለው ድንጋዩ ቆሞ ያድራል።
ከፊቱ ጀሪካን፣ ከኋላው ያረጀ ጫማ፣
ከዚያ ደግሞ ድንጋይ፣ እስከ ድልድዩ ድረስ።
ድንጋይማ ድንጋይ ነው፤ ሰው ያደረገው ማነው?
የሚያልፈው ሁሉ 'ይሄ ሸምሱ ነው' ማለቱ ነው።
ይህን ኮንስትራክቲቪዝም በሉት ብለውናል፤
እኛ ሰፈር ይሉኝታ ይባላል።

ሁለተኛው ሌሊት ላይ አንድ ፒካፕ መጣ፣
ታርጋው ጭቃ የተቀባ።
መብራቱን አጥፍቶ ድንጋዮቹ ላይ ወጣ።
የወንድሜ ስም ጠዋት ቦይ ውስጥ ተገኘ።
ከሁሉ በላይ ሆኖ የሚዳኝ የለም ይላል መጽሐፉ።
የሚዳኝማ ነበረ። እዚያው ቆሞ ነበረ፣
የፒካፑን ጎማ በባትሪ እያየ።

ሹፌሮቹ ተማከሩ፤ ኮሚቴ መረጡ፣
ደብተር ገዙ፣ ተራ በተራ ዘብ ቆሙ።
ሁለት ቀን እንደ ሰዓት ሠራ፤
በሦስተኛው ቀን የደብተሩ ገጽ ራሱ
በጥቁር ገበያ መሸጥ ጀመረ።

አንዱን ምረጡ ብለዋል፤ እኔ ግን አቃተኝ።
ሰልፉ አንዱን አልመረጠም።

አንድ የቀረኝ ነገር፦ ከፊት ሃያኛው ላይ
ጆሮው በሰማያዊ ገመድ የታሰረ ቢጫ ጀሪካን አለ።
ባለቤቱን ማንም አይቶት አያውቅም።
ልጅ ቀጥሮ ነው የሚያስጠብቀው።
ፒካፑ የመጣ ሌሊት እንኳ አንስተው አሸሹለት፤
'የመምህር ነው' ተባብለው።
ይህንን የትኛው ውስጥ ላስገባው?
ሰዓት አልቋል።"

ሰማያዊውን ገመድ እኔው ነኝ ያሰርኩት፣
ሙራድን በሃምሳ ብር እኔው ነኝ የቀጠርኩት።
ሞተሬ በረንዳ ላይ በባዶ ሆዷ ቆማ፣
ትሰማኝ ይመስል ስልኩን አዞርኩ ወደ ጨለማ።

"ማጣቀሻ የለውም" ብዬ ጻፍኩና ሰረዝኩ።
"ንድፈ ሐሳብ አልመረጥሽም።" ይህንንም ሰረዝኩ።
አሥራ አራት አልኩ፤ ወዲያው አፈርኩ፤
ጉቦ መሰለኝ።
ስምንት አልኩ፤ ይሄስ?
ይሄ ቂም መሰለኝ።

ስልኩ ሦስት በመቶ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ድርግም።
ስልሳ አንደኛው ወረቀት እጄን ገና አላየም።

"ሲነጋ አጂፕ ልሂድ፣ ጀሪካኔን ላንሣ፣"
ብዬ ለራሴ ማልኩ፤ ዝናቡም እንደ ረሳ
ለአፍታ ዝም ሲል፣
ሌላው ልቤ ከወዲያ በቀስታ አለኝ፦
"ሲነጋ እኮ ወረፋው ደርሶህ ይሆናል።"