ንጉሥ የሌለበት ጉብታ

በኤድመንተን ዳርቻ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣
ሌሊት ሌሊት ይከመራል የከተማው በረዶ።
የጭነት መኪና በሰልፍ መጥቶ፣ ዘርግፎ ይሄዳል፤
እኔ በቡልዶዘር እገፋለሁ፣ ክምሩ ሽቅብ ያድጋል።

በሩ አጠገብ፣ መስኮቱ ውርጭ በለበሰ ጠባብ ቤት፣
ታትሱዌ ኦኪሙራ መኪና ትቆጥራለች ሌት።
ሰሌዳውን፣ ሰዓቱን፣ የሾፌሩን ስም ከነአባቱ፣
በእርሳስ ትጽፋለች፤
ቀለምማ ይረጋል በሌሊቱ።

አንድ ቀን ነዳጁ እንደ እርጎ ረጋና ሰልፉ ቆመ፤
ወርጄ ቤቷ ገባሁ፤ የደነዘዘው ጣቴ ሲሞቅ ታመመ።
በመስኮቱ አሻግራ ክምሬን አየችና፣
«ተማሪ ሳለሁ» አለች፣ «ናራ ውስጥ፣ አካፋ ይዘን
እንዲህ ያለ ቆፈርን፣ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ መቶን።
ኮረብታ እንዳይመስልህ፤ መቃብር ነው እንጂ፣
እጅ ሠራሽ፣ ቅርጫት ጨራሽ፣ ትከሻ ፈጂ።
ከሺህ አምስት መቶ ዓመት በፊት፣
ንጉሡ ገና በቁሙ፣ ገና ዓሣ እየበላ፣
የሩዝ ገበሬው አፈር ያመላልሳል፣ ቅርጫት ቅርጫት እየሞላ።
አባት የጀመረውን ልጅ ይጨርሰዋል፤
ድንጋይ ያለብሱታል፣ በውኃ ይከቡታል።
ዙሪያውን ሸክላ ይተክላሉ፤ ሸክላ ፈረስ፣ ሸክላ ቤት፣
ሸክላ ወታደር፣ ዓይኑ ቀዳዳ፣ ለዘበኝነት።
ከላይ ስታየው የቁልፍ ቀዳዳ፣ ከታች ስታየው ደን።
‹ታዲያ ለማን ነው የሚታየው?› ብዬ ብጠይቅ መምህሬን፣
‹ለወፍ› አለኝ።»

«ንጉሡስ?» አልኳት።
«ስሙ ጠፍቶናል።
ሰይፉን አገኘን፣ ዝጎ እንደ ዛፍ ቅርፊት፤
የነሐስ መስተዋት፤ አንድ ጥርስ።»
«ቅርጫት ተሸካሚዎቹስ?»
ዝም አለች። እርሳሷን ቀረጸች።

ቆይታ፣ «ቡልዶዘርህ በደንብ ይዞራል?» አለችኝ፤
በደረሰኝ ጀርባ ላይ ቅርጹን ነድፋ ሰጠችኝ፤
ከኋላ ክብ፣ ወገቡ ቀጭን፣ ከፊት እየሰፋ የሚሄደው።
«አለቃስ ምን ይላል?»
«አለቃ ብሬንት ከታች ነው የሚያየው።»

ሦስት ሳምንት ገፋሁ። ማንም ምንም አላለ።
አንዱ ሾፌር ብቻ ሳቀ፣ «ክምሩ ዘንድሮ ወገብ አወጣ» እያለ።
አውሮፕላን በላያችን አለፈ፣ መብራቱን እያርገበገበ፤
መስኮት ዳር የተቀመጠ አንድ ሰው፣ ምናልባት፣
ኪሱን ዳበሰ፣ የቤቱን ቁልፍ አሰበ።

በሚያዝያ መቅለጥ ጀመረ። በግንቦት ወገቡ ተቆረጠ።
በሰኔ ጥቁር በረዶ ቀረ፤ ከሆዱ ዕቃ አፈጠጠ፦
አሥራ አንድ ጓንት፣ ሁሉም የግራ እጅ፣
የሕፃን ብስክሌት፣
የገና ዛፍ፣ ብልጭልጩ ገና ያልረገፈ፣
ሰው ሠራሽ ጥርስ ከነድዱ።
ታትሱዌ ቦት ጫማ አጥልቃ፣ ጭቃው ላይ ክር ወጥራ፣
ለእያንዳንዱ ቁጥር ሰጠች፣ በብሩሽ ጠርጋ፣ አበጥራ።
«ንጉሡ አልተገኘም» አልኳት።
«እሰይ» አለች።

ሐምሌ ላይ ውኃው ተጠቃሎ ወደ ወንዙ ወረደ።
ሜዳው ጠጠር ብቻ ሆነ። እሷም ጡረታ ወጣች፤
አራት ደብተር በገመድ አስራ
«መዝገብ ቤት አድርስልኝ» ብላ ሄደች።

አላደረስኩም። ገና አላደረስኩም።
ማታ ማታ እገልጣለሁ፦
ሠላሳ አንድ ሺህ ጭነት።
ዋይን ታልቦት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ከሩብ፣ አንድ መብራቱ የጠፋ።
ኦክሳና ህናትዩክ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሁለተኛው ጭነት ጎዶሎ።
ጋርኔት ካርዲናል፣ እያፏጨ ገባ።
የመጨረሻው ገጽ ግርጌ የእኔ ስም አለ፣ ከነአባቴ፤
ከጎኑ፣ በትናንሽ ፊደል፣
«ገፋ። ወገቡን አቀጠነ።»