በእጅ ጀርባ

ስሜ መሰለ ነው።
ቅጹ ላይ ያለው ስም፣ ከማኅተሙ በላይ፣
በሰማያዊ ቀለም የተጻፈው የኔ ነው።
ሽቦው ግን የእሱ ነው።
ከቆጣሪው ሣጥን እስከ መታጠቢያ ቤት መብራት፣
ኮዬ ፈጬ ጫፍ ላይ፣ ብሎክ መቶ አራት፣
አራት ፎቅ በእግሩ፣ ሊፍቱ ባዶ ጉድጓድ፣
ትከሻው ላይ መሰላል፣ አንገቱ ላይ ገመድ፣
የወጣው ጋሽ ንዳ ነው።

ሃያ ስድስት ዓመት።
ሰሚት ሜዳ ሳለ፣ አያት ገና ገብስ፣
የቱሉ ዲምቱ ጭቃ ጉልበት ድረስ ሲደርስ፣
እሱ ግንብ ሲፈለፍል፣ ኮንድዊት ሲቀብር፣
ሽቦ በጥርሱ ሲልጥ፣ ሲጠመዝዝ፣ ሲያስር
(ለዚህ ነው የፊት ጥርሱ አንዱ የተሸረፈው)፣
የስንቱን ቤት አብርቶ፣ በጨለማ ታክሲ ወደ ቤቱ ያለፈው።

እኔን የወሰደኝ ስትለምነው እናቴ፣
ፒንሳ ምን እንደሆን፣ ምን እንደሆን ካቻቢቴ፣
ለይቼ ሳላውቅ ነው፣ በአሥራ ስድስት ዓመቴ።
«በእጅህ ጀርባ ንካ» አለኝ ገና የመጀመሪያው ቀን።
«መዳፍህ ሽቦ ላይ ከዋለ ይጨብጣል፤
ጀርባው ግን ሲደነግጥ ወደ ራስህ ይመጣል።
ሞቷል ያሉህን ሽቦ እንዳታምን፣ ልጄ፤
ሞቷል ባሉት ሽቦ ነው የሞተው ወዳጄ።»

ከዚያ ደንብ መጣ።
ደንቡ ክፉ አይደለም። ስንት ቤት ነድዷል፤
ባልበሰለ እጅ ሥራ ስንት ሕፃን ሄዷል።
እሱም አለ፦ «ልክ ናቸው። ታዲያ ይፈትኑኝ፤
ሰሌዳ ያቅርቡና ሽቦ ይዘርጉልኝ።»

መስኮት ሦስት፦ «ደረጃ ሦስት ለመመዘን መጀመሪያ ደረጃ ሁለት ያምጡ።»
መስኮት አምስት፦ «ለደረጃ ሁለት የአሥረኛ ክፍል ውጤት። የለዎትም? ይቀመጡ።»
ከምሳ በኋላ፦ «መብራት ጠፍቷል፣ ሲስተም የለም፤ ነገ ይምጡ።»
«መብራቱን እንኳ ልይላችሁ» ቢል ሳቁ። አልሳቀም እሱ፤
የተቃጠለ ብሬከር ሽታ እስከ አግዳሚው መጥቶለታል በነፋሱ።
ትምህርት የተወው ከሰባተኛ ነው፣ አባቱ የሞቱ ለት፤
ትምህርት ቤቱም ዛሬ የለም፣ ቀለበት መንገድ አልፎበት።

እኔ ኮሌጅ ገባሁ፣ በማታው።
የመጀመሪያውን ወር ማን ከፈለ?
አትጠይቁኝ። አልኳችሁ እኮ፤ ስሜ መሰለ።
ሃምሳ ጥያቄ ነበር፣ አርባ አንድ አገኘሁ፤
ስለ እጅ ጀርባ ግን አንድም ቃል አላየሁ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ በባጃጅ መጥቼ፣
ላልነካሁት ሽቦ ማኅተሜን መትቼ፣
ሁለት ሺህ ብር ይዤ እመለሳለሁ።
የሚከፍለኝ እሱ ነው።
ኖቶቹን አስተካክሎ፣ በሁለት እጁ ይሰጠኛል፣
እኔ ታላቁ እንደሆንኩ።

ዛሬ ባለቤቷ፣ ነርስ ናት፣ ከአዳር መጥታ ዓይኗ ቀልቶ፣
«ኢንጂነሩ ማነው?» ስትል፣ በአገጩ ወደኔ አመልክቶ፣
«እሱ ነው፣ የተማረው» አለ ጋሽ ንዳ።
ይመርቀኝ ይስደበኝ አልገባኝም።
የብሎኩ መስመር ሦስት ፌዝ ነው፤
አራተኛውን ፌዝ የጨመርኩበት እኔ ነኝ።

«ሥራውን የሠራው» ይላል ቅጹ፤ ከጎኑ ነጠብጣብ አለ።
ጻፍኩበት። ውሸት የለውም።
ሥራውን የሠራው፦ መሰለ።

እስክሪብቶው እጄ ላይ ከበደኝ። ቢያንስ ልይ ብዬ
ሣጥኑን ከፈትኩ፣ እጄን ሰደድኩ፣
መዳፌን።
ከየት መጣ ሳልለው አንጓዬን ያዘ፤
«ገልብጥ!» አለኝ፣
ጣቱ ሲንቀጠቀጥ ያየሁት ያኔ ነው።
ገለበጥኩ።

ነርሷ ማብሪያውን ተጫነች። ሳሎኑ ነጣ።
እሷ አምፖሉን አየች፣ እኔ ጫማዬን።
ደረጃው ላይ መብራት የለም፤ የደረጃው መብራት
የማንም ውል ውስጥ አልገባም።
ጋሽ ንዳ መሰላሉን ተሸከመ፣ ደህና ዋሉ አለ፣
ግድግዳውን በእጁ ጀርባ
እየዳሰሰ ወረደ።