አሥራ አራተኛው መስመር

ኪርያት ጋት፣ የፋብሪካ ሰፈር፣ ከባቡሩ ሐዲድ ማዶ፣
የነሐሴ ቀትር፣ የቆርቆሮው ጣሪያ እንደ ብረቱ ነዶ፣
ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ ከምድጃው ፊት ቆሜያለሁ፤
«የሚያውቁትን ሁሉ ጻፊ» ተብዬ ተልኬያለሁ።

ጋሼ ቢያድግልኝ ለዳስ በዓል ጡረታ ይወጣሉ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት የሠሩ እጆች አብረዋቸው ይሄዳሉ።
ናዳቭ፣ አለቃችን፣ ይህ ነገር አላስተኛውም፦
«አማርኛ ያለሽ አንቺ ነሽ፤ ከአፋቸው ላይ ቅጂው፤ ሌላ አማራጭ የለንም።»

ጻፍኩ።
አንድ፦ ምድጃው ስምንት መቶ ሠላሳ ዲግሪ ይድረስ።
ሁለት፦ ዘይቱ ስድሳ ይሁን፤ ከዚያ በታች እንዳይመለስ።
ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ እስከ አሥራ ሦስት ሄድኩኝ፤
አሥራ አራት ላይ «መቼ ነው የሚወጣው?» አልኩኝ።

«ሲደርስ።»
«ምን ሲሆን ነው ደረሰ የሚሉት?»
ወደ እሳቱ በአገጫቸው ጠቆሙኝ፦ «ይኸው፣ አታዪውም?»
ያየሁት ቀይ ነበር። ትናንትም ቀይ፣ ቅድምም ቀይ።
የእሳቸው ቀይ ሰባት ዓይነት ነው፤ አንዱንም አልነገሩኝ፤
ነፍገውኝ አይደለም፤ ስም አልወጣላቸውም እንጂ።

ጥያቄዬን በዕብራይስጥ ደገምኩት፣ በአማርኛ ሰባበርኩት፣
ስልኬን መቅጃ አድርጌ ከደረት ኪሳቸው ከተትኩት።
ማታ ቤቴ ሳዳምጠው፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ የተቀዳው
የምድጃ ጉምጉምታ ነው፣ ሳል ነው፣ ጉጠት ሲነሳ ኳኳታው።
አንዴ ብቻ «እህ» አሉ።
ያቺን «እህ» ምን ብዬ ልጻፋት?
«አሥራ ሁለት ደቂቃ» ብዬ ሞላሁ፤
ናዳቭ ባዶ መስመር አይወድም።

በወጡ በሳምንቱ ሰነዱ ታትሞ ተለጠፈ፤
ፊርማ አለው፣ ማኅተም አለው፣ በፕላስቲክ ተጠቀለለ።
በሰነዱ መሠረት አርባ የማሽን ስለቶች አጠነከርን፤
ሰባቱ እንደ ሸክላ ጮኹ፤ ስንጥቃቸውን ቆጠርን።

ተደወለላቸው። በማግስቱ በጠዋቱ አውቶቡስ መጡ፤
ነጠላ ጫማ እንዳደረጉ፣ ውሃ እንኳን ሳይጠጡ፣
ከዘይቱ ገንዳ ላይ ጎንበስ ብለው አሸተቱና
«ደክሟል» አሉ። «ይህ ዘይት ደክሟል።» ወጡና
ከመጋዘኑ ጥላ ሥር ተቀመጡ።
ዘይት በየት በኩል ይደክማል? ቴርሞሜትሩ ስድሳ ይላል!
ቫለሪ ናሙናውን ላቦራቶሪ ላከው፤ በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ፤
ሁለት ገጽ፣ አንድ ሠንጠረዥ፣ ብዙ ነጥብና ብዙ ቁጥር፦
ውሃ ገብቶበታል፤ ዕድሜውን ጨርሷል።
ደክሟል ማለት ነው።

ያኔ ከጥላው ሥር ነው፣ ሳልጠይቃቸው የነገሩኝ፦
«አባቴ ከወናፍና ከመስፍ ጋር የኖረ ቀጥቃጭ ነበር።
ቀን ማረሻ የገዛው ሰው፣ ሲመሽ ልጁን ከእኛ ይሸሽግ ነበር።
‹ብረቱ እንዴት ይታዘዝልሃል?› ቢሉት ቃል አጠረው፤
እያወቀ ቃል ላጠረው ሰው በአገራችን ስም አለው፤
ቡዳ አሉት።»
ሳቅ አሉ። «እዚህ ደግሞ ናዳቭ ምን አለኝ መሰለሽ?
‹ያልተመዘገበ።›»

እኔም ሳቅሁ፤ ቀለም የነካው ጣቴን ግን
ኪሴ ውስጥ ደበቅሁት።

ክረምት ገባ። አሥራ ሁለቱን ደቂቃ በጥቁር ቴፕ ሸፍኜዋለሁ።
ኤልያሺቭ፣ አዲሱ ልጅ፣ ጉጠቱን ይዞ አፍ አፌን ያያል፦
«መቼ ላውጣው?»
«ቆይ» አልኩት። «ቆይ… ቆይ… አሁን!»
ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ያ «አሁን»።

ቫለሪ ጥንካሬውን ለካ፦ ሃምሳ ስድስት። ሁለት ይጎድላል።
ለጋሼ ቢያድግልኝ ደወልኩ፤ ቁጥሩን ስጀምር አቋረጡኝ፦
«እሱን ተዪው። ዘይቱ ውስጥ ሲገባ ምን አለ?»

ሰምቼዋለሁ።
አፌን ከፈትኩ፤
ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤
ከስልኩ ማዶ ትንፋሻቸው ይጠብቃል።