ሰዓት ያዥ

በወረዳው አዳራሽ፣ መሐል ሜዳ ላይ፣
ጉም በመስኮት ገብቶ ሰው ከሰው ሳይለይ፣
ወንበሩ ከትምህርት ቤት፣ ማይኩ ከሠርግ ቤት በውሰት የመጣ፣
ሕዝቡ ባናውን ደርቦ በጠዋት የወጣ።
እኔን የሒሳብ መምህሩን፣ «አንተ አታዳላም» ብለው፣
ሰዓቱንና ደወሉን ሰጡኝ አምነው።
ለአንድ መልስ ሦስት ደቂቃ፣
ከዚያ ደወል ነው፤ አበቃ።

ሞገስ ቀድሞ ደርሷል፤ በር ላይ ቆሞ ሰው ይስማል፣
የአባወራውን ስም ያውቃል፣ የውሻውንም ያውቃል።
እጄን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ልጅህስ መምህር» አለኝ፣
«ማታ ማታ የሚያስለው ተሻለው?» ብሎ ጠየቀኝ።
ማን እንደነገረው እንጃ።
ብቻ ደስ አለኝ።

እታፈራሁ ስትመጣ ጥቂት ረፍዶባት፣
ጫማዋ ጭቃ በጭቃ፣ ደብተሯ በብብት፣
ሰላም አለች ለሁሉም፣ አንዴ፣ በጅምላ፣
ሄዳ ተቀመጠች ከጠረጴዛው ኋላ።

ተነሡ እማማ ሙላቷ፤ ጀሪካን ይዘው ነው የመጡት፣
ከራሳቸው በላይ አንሥተው ለሁለቱም አሳዩት፦
«ይኼ መቼ ይሞላል? ቧንቧው ካዛጋ ሦስት ዓመት፣
እኔም አብሬው አዛጋሁ፣ ከሥሩ ቆሜ ከንጋት።»

እታፈራሁ ቀደመች፤ ደብተሯን ገለጠች።
«ጉድጓዱስ ውሃ አለው» አለች፤ ጥልቀቱን ጠቀሰች።
«የሞተሩ ጥርስ አልቋል፤ ዕቃው በትእዛዝ ይመጣል፣
ገንዘቡ ከሁለት በጀት ተቀናንሶ ይወጣል፤
አሥራ አራት ወር ይፈጃል። እማማ፣ አልዋሽዎትም፣
ከዚህ ያጠረ ቀን የሚነግርዎት ቢኖር—»

ልክ እዚህ ላይ በረዶ
ቆርቆሮው ላይ ወረደ፣ እንደ ኮረት ተንዶ።
አፏ ይንቀሳቀሳል። ድምጿ ግን ጠፍቷል።
ጣቷ አየር ላይ ይጽፋል፤ ይደምራል፣ ያካፍላል፤
እኔ ብቻ አነበብሁት፤
ስሌቱ ልክ ይመጣል።

ደንቡን አውቀዋለሁ፤ ተጽፏል፦ እክል ሲፈጠር
ሰዓቱ ይቆማል፣ ጸጥ ብሎ እንደገና እስኪጀመር።
አውራ ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር።
ነበር።
ሞገስ አየኝና ፈገግ አለ፣ ትከሻውን ሰበቀ፣
«ምን ይደረግ» በሚል ዓይን። የእኔም ፊት ሳቀ።
ሦስት ደቂቃ ሞላ። ደወሉን መታሁ፤
በዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ እሷ ብቻ እንደሰማች አየሁ።
ደብተሯን አጠፈች።
አልተከራከረች።

በረዶው ሲያባራ ሞገስ ተነሣ፣ ቀስ ብሎ፣
ጣሪያውን አየት አደረገ፣ እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ፦
«እማማ፣ ውሃ ሲጠይቁ ሰማይ ቀድሞኝ መለሰ፤
ጀሪካኑን ያውጡት እንጂ፣ ይኸው ፈሰሰ!»
አዳራሹ ተናጋ፤ ሳቅ ከማገሩ ደረሰ፣
የእማማ ሙላቷም ዕንባ በነጠላ ታበሰ።
ቧንቧውስ?
አላነሣውም። እኛም አልጠየቅነው፤
ሳቁ ውስጥ ወድቆብን ነው።

«አነጋገር ያውቃል» አለ አንዱ ስንወጣ፣
«ያቺስ ፊቷ አይፈታ፣ እንደ ከረመ ቁጣ።»
«ምን አለች ግን?» ብላቸው «እኛ እንጃ» አሉኝ፤
አንዷ ብቻ «እሷ ስትናገር» አለች፣ «በረደኝ።»

በምርጫው ለት ተሰለፍሁ፤ መጋረጃውን ገለጥሁት፣
አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ወረቀቱ ላይ ዘረጋሁት።
የሒሳብ ሰው ነኝ። መልሱን አውቀዋለሁ።
ግን ልጄ ያስላል፤
የጠየቀኝ እሱ ነው፣ አልሁ።

ማንን መረጣችሁ ቢሉን፣ «ሞገስን» ነው የምንል፤
ማንም አልዋሸም፤ ቃሉ ለሁለቱም ይበቃል።

ቅዳሜ ገበያ መሀል አንዳንዴ አያታለሁ፤
ሰላም ትላለች፣ በጅምላ፤ እኔም አንገቴን እሰብራለሁ።
አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ዕዳዬ ነው፤ አልከፈልሁም፤
እጅጌዬን ስቤ ሰዓቴን እሸፍናለሁ፣
ስንት እንደሆነ እንዳትጠይቀኝ።
እሷ ግን አትጠይቅም።